የጥናት አጻጻፍ መመሪያው ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ (አባላት የተጠሩት በየከተማቸው ስም ነው)

ጸሐፊ፦ የአምናው የጥናት መድበላችን ለምን እንደዘገየ ታውቃላችሁ። አንዱ አኅጽሮቱን፣ ማለትም የጥናቱን አጭር ማጠቃለያ፣ ሦስት ገጽ አደረገው። ሌላው የጥናቱን ዘዴ ረስቶ ከመግቢያ ግኝት ላይ ዘለለ። ስለዚህ አኅጽሮት ከ250 ቃል አይበልጥ። መግቢያ፣ ዘዴ፣ ግኝት፣ ውይይት በተራ ይሂዱ። ኅዳጉ በአራቱም በኩል 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ ዋቢው በኤፒኤ (በአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ) 7ኛ እትም ይሁን። ለማሳተሚያ ከአባል 300 ብር።

ቢቸና፦ ሌላው ይሁን። ዋቢው ላይ የአባቴ ስም ለምን ይቀድማል?

ጸሐፊ፦ የኤፒኤ ሕጉ ነው። የቤተሰብ ስም ይቀድማል።

ቢቸና፦ የቤተሰብ ስም የታለኝ? ጥናቱን የጻፍኩ እኔ፤ አባቴማ በሬ ሲጠምድ ነው የኖረ። በላይ ዘለቀ ጥናት ጽፎ ቢሆን «ዘለቀ፣ በ.» ልትሉት ነው? እስቲ ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ ዘለቀ በ.ን ታውቃላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ፍኖተ ሰላም፦ ሳቅሁ። ልጁ ግን እውነቱን ነው።

ደጀን፦ ምኑ እውነት? ለፈረንጅ መጽሔት ስትልክ ገልብጠህ አይደል የምትልከው? እዚያ ሲሆን አባትህ ይቀድማሉ፣ እዚህ ሲሆን በሬ ጠማጅ ናቸው።

ቢቸና፦ አባቴን ከአፍህ አውጣ!

ደጀን፦ ያመጣኻቸው አንተ።

ሞጣ፦ ኧረ ቀስ። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። አንዱ ጥናቴ በስሜ፣ ሌላው በአባቴ ስም ተጠቅሶ ሁለት ሰው ሆኜ ቀረሁ። ዕድገት ስጠይቅ «ይኼኛው ያንተ አይደለም» አሉኝ። መታወቂያ አውጥቼ ነው ያስረዳሁት። አንዱን ምረጡና እንረፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ 300 ብሩን የከፈለ 4 ሰው ነው። አባቶቻችሁን ስትጨርሱ ክፈሉ።

እንጅባራ፦ ዓመተ ምሕረቱስ? በ2012 የታተመውን 2012 ካልነው ፈረንጅ አሮጌ ይመስለዋል። እንቀይር ካልንም፣ የታተመበትን ወር ሳናውቅ 2019 ይሁን 2020 በምን እንለያለን?

ጸሐፊ፦ እሺ። የኢትዮጵያዊ ስም ሳይገለበጥ፣ ሙሉውን። ፈረንጁ በቤተሰብ ስሙ። በቃ?

ደጀን፦ ተራው በሀለሐመ ነው በአበገደ?

ቢቸና፦ በሀለሐመ ነዋ። ጋሼ፣ ቅድም ተቆጥቼ ነው።

ደጀን፦ ይቅር ለእግዚአብሔር። ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ አይደባለቁ። አምና አንዱን ኃይሌ ሦስት ቦታ ነው ያገኘሁት።

ሞጣ፦ ናሙና ገጹን እሠራለሁ ያለው የቡሬው የት ገባ?

ፍኖተ ሰላም፦ ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም። ለነገሩ የእኔ ጽሑፍ በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ ነው። ጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ቅራቅንቦ ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ በየኮምፒውተሩ ወደሚነበበው ፊደል፣ ወደ ዩኒኮድ፣ መቀየሩን ብንማር ይሻላል።

ሞጣ፦ እሱስ ልክ ነው። የእኔም እንደዚያው ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ አሠልጣኙ በነፃ ነው?

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3። በፊደል ተራና በዩኒኮድ የአንድ ቀን ሥልጠና፣ ደብረ ማርቆስ፣ ረቡዕ። 300 ብሩ ለምሳና ለሻይ ይዋል። የአኅጽሮቱና የዘዴው ነገር ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር።

እንጅባራ፦ ዓመተ ምሕረቱስ?

ቢቸና፦ ረቡዕ ጾም ነው። ለሽሮ 300 ብር አልበዛም?