የቤቱ ካርታ በሟች አባታችን ስም ነው፤ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ እንዴት ላስፈቅድ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ በትንሽ ከተማ ይህን ሂደት የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ያለን ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ፣ ዋና ብሬከሩ 32 አምፔር ነው። ሁለት ምጣድ እያንዳንዳቸው 3.5 ኪሎዋት፣ የውሃ ማሞቂያው 1.5 ኪሎዋት፤ በ220 ቮልት አንድ ላይ 39 አምፔር ገደማ ይስባሉ። አብረው ሲሠሩ ብሬከሩ ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል። «በ40 ቀይረው» የሚሉኝ አሉ፤ ዋናው ገመድ ግን ውፍረቱ 6 ካሬ (ሚሊሜትር ካሬ) ስለሆነ ከልኩ በላይ ይግላል፣ ሽፋኑም ይጎዳል። ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ፣ አላደርገውም። ስለዚህ ጭነቱ በሦስት መስመር እንዲከፋፈል ቆጣሪውን ወደ ባለ ሦስት ፌዝ ማሳደግ ፈልጌያለሁ።

የውስጡ ዝርጋታ አልቋል፦ ለየምጣዱ የራሱ 4 ካሬ ገመድና 25 አምፔር ብሬከር፣ የመሬት መስመሩም ተቀብሯል። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ንድፉን ፈርሞልኛል።

የያዘኝ ካርታው ነው። ካርታውም የመብራት ውሉም በሟች አባታችን ስም ናቸው። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አለን፣ ስሙ ግን አልዞረም። ወራሾቹ አራት ነን፤ አንዷ እህታችን ዱባይ ናት።

ቆጣሪ ለማሳደግ ብቻ የወራሾች ስምምነትና ውክልና ይበቃል ወይስ ካርታው የግድ መዞር አለበት? ውሉን ብቻ ቀድሞ በአንዳችን ስም ማዞርስ ይቻላል? የእህታችን ውክልና በቆንስላው በኩል ቢመጣ፣ የመብራት ጉዳይ ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት ወይስ ጠቅላላ ውክልና ይሠራል?