ተማሪዬ የሠራውን ባሩድ ጥራት በምን ልፈትን አለኝ፤ ምን ልመልስለት?

ጠያቂ፦ የኬሚስትሪ መምህር፣ አዳማ

አዳማ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከክፍል በኋላ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ቀረበኝና፣ በበዓል የሚተኮሰውን ዓይነት ርችት በገዛ እጁ ለመሥራት አስቦ በቤቱ ጥቂት ባሩድ መቀላቀሉን ነገረኝ። የጠየቀኝም «ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ነው። ልጁ ጠያቂና ትጉህ ስለሆነ፣ ብቆጣው ከእኔ ሸሽቶ መልሱን ከስልኩ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ዝም ብለው ደግሞ የፈቀድሁለት ይመስለዋል። የቀላቀለውን በጠርሙስ አድርጎ ከአልጋው ሥር አስቀምጦታል። የባሩድ ጥራት ቀድሞ በምን ይለካ እንደነበር፣ አንዱ ባሩድ ከሌላው የሚበልጠውም በምን ምክንያት እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ፣ ለልጁ የሚሆን መልስ እንዳገኝ ትረዱኛላችሁ።

መልስ 1፦ በድንጋይ ካባ የሠራ ጡረተኛ

መምህር፣ ከጥራቱ በፊት ጠርሙሱ ይቅደም። ተዘግቶ የተቀመጠ ባሩድ ሲቀጣጠል ጋዙ መውጫ ስለሚያጣ ዕቃውን ይሰብረዋል፤ ያን ጊዜ ከእሳቱ ይልቅ የጠርሙሱ ስብርባሪ ይጎዳል። በክዳኑ ጥርስ መካከል የገባች ብናኝ ክዳኑ ሲዞር በሚፈጠረው ፍትጊያ ልትነሣ ትችላለች። ስለዚህ ልጁ እንዳይከፍተው፣ እንዳያናውጠው፣ ለእርስዎ ለማሳየትም ወደ ትምህርት ቤት ይዞት እንዳይመጣ አጥብቀው ይንገሩት። ወላጆቹ ዛሬውኑ ይወቁ፤ ቤተሰቡ ከዚያ ክፍል ይውጣ፤ ፖሊስ ተጠርቶም ባለሙያ ያንሣው። በምን በምን እንደቀላቀለው ሳይቆጡ ይጠይቁት። ከክብሪት የተፋቀ ነገር ጨምሮበት ከሆነ፣ እርሱ ከተራው ባሩድ በብዙ የሚከፋ፣ በመፈተግ ብቻ የሚነሣ ነገር ነውና ለሚመጣው ባለሙያ አስቀድሞ መነገር አለበት። እኛ በካባ ውስጥ ፈቃድና ሥልጠና ያለው ሰው ካልሆነ በቀር ፈንጂ ወደተቀመጠበት ክፍል አናስጠጋም ነበር፤ ያም ሆኖ በየጊዜው የሚያስደነግጥ ነገር አይጠፋም።

መልስ 2፦ የታሪክ አንባቢ፣ ሐዋሳ

ከላይ የተባለው ከተፈጸመ በኋላ ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። በአውሮፓ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የባሩድ መፈተኛ መሣሪያ ነበረ። በኋላ ከተለመዱት አንዱ መልኩ ሽጉጥ የሚመስል ሆኖ፣ ባሩዱ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ ከጥርሳም መንኮራኩር ጋር በተያያዘ ክዳን ይዘጋል፤ ባሩዱ ሲነድ ክዳኑን ገፍቶ መንኮራኩሩን ያዞረዋል፤ መንኮራኩሩ በቆመበት የሚነበበው ቁጥር የብርታቱ ልክ ይሆናል። ጉድለቱ የአንዱ መሣሪያ ሞላ ከሌላው ስለሚለይ ሻጭና ገዢ በየራሳቸው መሣሪያ ቢለኩ የማይስማማ ቁጥር ማግኘታቸው ነበር። ከዚያ ፈረንሳዮች የተወሰነ ክብደት ያለው ባሩድ አንድን ጥይት በትንሽ መድፍ ምን ያህል ርቀት እንደሚወረውር ወደ መለካት ሄዱ። በ1740ዎቹ እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ ጥይቱን በተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ላይ በመተኮስ፣ እንጨቱ ከተወዛወዘበት ልክ የጥይቱን ፍጥነት አሰላ። ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህኛው ነው፤ ግምትን ወደ ስሌት የለወጠ ነውና።

ለልጁ ግን የላቯዚየርን ታሪክ ቢነግሩት ይሻላል። እኒያ ታላቅ ኬሚስት ከ1775 ጀምሮ ከፈረንሳይ የባሩድ አስተዳደር ኃላፊዎች አንዱ ነበሩ፤ የአገሪቱ ባሩድም በእርሳቸው ጊዜ ተሻሽሏል። በጥቅምት 1788 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ከሌላው ፈረንሳዊ ኬሚስት ከቤርቶሌ ጋር ሆነው፣ በፖታሲየም ናይትሬት ፈንታ ፖታሲየም ክሎሬት የገባበትን አዲስ ባሩድ ለመሞከር ኤሶን ወደተባለው ስፍራ ሄዱ። በዚያ ሙከራ ፍንዳታ ደርሶ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ላቯዚየር፣ ባለቤታቸውና ቤርቶሌ ለጥቂት ተረፉ። የዘመኑ አንደኛ ኬሚስት ተገኝተው የደረሰ አደጋ ነው። በቤት የሚደረጉትን መፈተኛ ዘዴዎች እዚህ ያልጻፍሁትም አውቄ ነው።

መልስ 3፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር

የጥራቱ ምስጢር በአብዛኛው የቅልቅሉ ልመት ነው። በባሩድ ውስጥ የሚነደው ከሰልና ድኝ፣ ኦክስጅን የሚሰጣቸው ደግሞ ናይትሬቱ ስለሆነ፣ ቅንጣቶቹ በቀረቡና በደቀቁ መጠን ቃጠሎው ይፈጥናል፤ እርጥበትና ያልተጣራ ናይትሬት ያዘገየዋል። ይህ ማለት ባሩዱ «ጥሩ» በሆነ ቁጥር ለሠሪው ይበልጥ አደገኛ ይሆናል ማለት ነው። ቢነድም ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጠጣር ሆኖ ይቀራል፤ አባቶቻችን በውጅግራ ሲተኩሱ ነጭ ጭስ ቦታቸውን ያጋልጥባቸው የነበረው፣ አፈሙዙም ቶሎ ካልታጠበ የሚዝገው በዚሁ የተነሣ ነው።

ይህንኑ ትምህርት ያለ እሳት ማሳየት ይቻላል። በውኃ ውስጥ የሚፈላ የቪታሚን ሲ ኪኒን ይግዙ፤ አንዱን ሙሉውን፣ ሌላውን ለአራት ከፍለው፣ ሦስተኛውን አድቅቀው በእኩል ውኃ ውስጥ ይጨምሩና ሟሙቶ እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ በሰዓት ይለኩ። እያንዳንዱን አምስት አምስት ጊዜ ይደጋግሙት፤ ልኬቶቹ የማይስማሙበትን ምክንያት ልጁ ራሱ ይፈልግ። የመንኮራኩሩን መሣሪያ ችግር በዚያው ያገኘዋል።

ጠያቂ፦ የኬሚስትሪ መምህር፣ አዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በዚያው ምሽት ከወላጆቹ ጋር ተነጋገርን፤ ፖሊሶች መጥተው ጠርሙሱን ወሰዱት፤ ልጁም ከመደንገጥ በቀር ምንም አልሆነም። ከክብሪት የገባበት ነገር እንደሌለ ቢነግረኝም፣ ለፖሊሶቹ የነገርኋቸው እንዳላረጋገጥሁ አድርጌ ነው። ትናንት ኪኒኑን ሞከርን። የደቀቀው ከሙሉው በብዙ ፈጠነ፤ ነገር ግን ረፋድ ላይ የለካነውና ቀትር ላይ የለካነው ሊስማማልን አልቻለም። ልጁ ጥቂት አሰበና፣ ውኃውን የቀዳነው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ መሆኑን፣ በአዳማ ፀሐይ ደግሞ ቀትር ላይ እንደሚሞቅ አስታወሰኝ። አሁን ቴርሞሜትር ግዙልኝ እያለ ነው።