ፕኒና ታማኖ ሻታ ጎንደር ለሚጠብቁት ወገኖቻችን በእርግጥ ምን ሠርታለች?

ጥያቄ (ከረሆቦት)
ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ እስራኤልን ሳያይ ጎንደር አረፈ። ልጆቹ አሁንም ይጠብቃሉ። በደወልኩ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "ክነሴት ያለችው ልጃችን ምን አለች?" የክነሴት፣ ማለትም የእስራኤል ፓርላማ፣ እንደራሴዋ ፕኒና በቴሌቪዥን ስትናገር ልቤ ይሞላል። ግን ንግግር አውሮፕላን አያስነሳም። በምርጫ ሰሞን ቤታችን ክርክር ነው። እናቴ "የኛው ልጅ ናት" ትላለች፣ ወንድሜ "እኔ የማየው ፓርቲውን ነው" ይላል። ሥራዋን የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

መልስ (ከአሽዶድ)
እኔ የማልረሳው የደሙን ነገር ነው። ዲሴምበር 2013 የማገን ዳቪድ አዶም (የእስራኤል የአምቡላንስና የደም ባንክ ድርጅት) ሰዎች ደም ሊሰበስቡ ክነሴት ገቡ። እሷም ልትሰጥ ሄደች። ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ደም በጤና ሚኒስቴር መመሪያ እንደማይወሰድ ካሜራ ፊት ተነገራት። በ3 ዓመቷ በሙሴ ዘመቻ፣ ቤተ እስራኤላውያንን በሱዳን በኩል ባመጣው ዘመቻ፣ የመጣች የሕዝብ እንደራሴ! በ1996 የለገስነው ደም እየተደፋ መሆኑን ሰምተን ኢየሩሳሌም ለሰልፍ የወጣን ሰዎች ያን ቀን ቁስላችን ተነካ። ዝም ብላ ብትወጣ ማንም አያውቅም ነበር። አልወጣችም፣ አገር ሰማ። መመሪያውም ከዓመታት በኋላ ተለወጠ።

መልስ (ከነታንያ)
እህቴ፣ ወገኖቻችንን የሚያመጣው የመንግሥት ውሳኔና በጀት ነው። ስለዚህ ማንንም እንደራሴ ስትመዝኚ ውሳኔው ጋ ምን ያህል ቀረበ ብለሽ ጠይቂ።

በ2015 መንግሥት ወደ 9,000 ሰው ለማምጣት ወሰነ። ወዲያው በጀት የለም ተባለ። ያኔ ጥምር መንግሥቱ ከ120 መቀመጫ የያዘው 61 ብቻ ነበር። የገዢው ፓርቲ የሊኩድ እንደራሴ አብርሃም ንጉሤ ከፓርቲ ባልደረባው ከዳቪድ አምሳለም ጋር ሆነው በ2016 ከጥምረቱ ጋር ድምፅ አንሰጥም አሉ። መንግሥት ተጨነቀ፣ ድርድር ተጀመረ። በሁለት ድምፅ!

ፕኒና ደግሞ ከ2020 እስከ 2022 መጨረሻ የዓሊያና የክሊታ (ወደ እስራኤል የመምጣትና የመቋቋም ጉዳይ) ሚኒስትር ነበረች። ኢትዮጵያ ተወልዶ ሚኒስትር የሆነ ከእሷ በፊት አልነበረም። ኦክቶበር 2020 የ2,000 ሰው ውሳኔ ወጣ። ራሷ ኢትዮጵያ ሄደች። ዲሴምበር 3 ከ300 በላይ ሰው የያዘው አውሮፕላን ቤን ጉሪዮን ሲያርፍ አብራቸው ነበረች። ነጠላ የለበሱ እናቶች መሬት ሲስሙ ሳይ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ኖቬምበር 2021 ደግሞ የ3,000 ሰው ውሳኔ ተከተለ። ሚኒስትር ባትሆን ይህ ሁሉ ይሆን ነበር ብዬ አላምንም።

ግን እውነቱን ልንገርሽ። ቅድሚያ ያገኘው እዚህ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያለው ነው። የአጎት ልጅ እዚያ ውስጥ አይገባም። ያንቺ ሰዎች የቀሩት በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ፕኒናን የምጠይቃት ይህንኑ ነው፦ አባት ጥበቃ ላይ እያለ ሲሞት የልጆቹ መብት አብሮ መቀበር አለበት ወይ?

መልስ (ከሐይፋ)
ሁሉም ነገር ዓሊያ ብቻ ነው እንዴ? የኔ ልጆች እዚህ ነው የተወለዱት። ጎንደርን አያውቁም፣ የሚያውቁት መንገድ ላይ የሚያስቆማቸውን ፖሊስ ነው። በ2019 ሰሎሞን ተካ ቂርያት ሐይም ላይ በፖሊስ ጥይት ሲሞት አስፋልት ላይ የወጣነው ለነዚህ ልጆች ነው። ፕኒና የፖሊስንም የዘረኝነትንም ጉዳይ ደጋግማ አንስታለች። በ2023 ደግሞ የሴቶች ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነች። ይህም ሥራ ነው፣ አትርሱት።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአጎት ልጅ የሚለውን እስከዛሬ በግልጽ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አሁን ለማን ልጻፍ?

መልስ (ከነታንያ)
ለእሷም፣ ለክነሴት የዓሊያና የክሊታ ኮሚቴም ጻፊ። የአጎትሽን ስም፣ መጠበቅ የጀመረበትንና ያረፈበትን ዓመት አስቀምጪ። የኮሚቴዎቹ ቃለ ጉባኤ ክነሴት ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ማን ምን እንዳለ እዚያ ታገኚዋለሽ። ዕብራይስጡ ከከበደሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።