ከዴሊ እስከ ቪዛግ በባቡር ሁለት ሌሊት፦ የሄዳችሁበት ምን ልጠብቅ?

የጠባሴዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ነኝ። ለማስተርስ ሕንድ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ነሐሴ 6 እነሳለሁ። የምማረው ቪሳካፓትናም ነው፣ ልጆቹ ቪዛግ የሚሉት። አውሮፕላኑ ጠዋት ዴሊ ያወርደኛል፣ ከዚያ በኋላ ግን በባቡር ነው። ለአገር ውስጥ በረራ የሚበቃ ብር የለኝም፣ ሻንጣዬም ከባድ ነው። እዚያ የሚማር የአገራችን ልጅ ትኬት ቆርጦልኛል። ማታ ዴሊ ተሳፍሬ አንድ ሌሊት፣ አንድ ሙሉ ቀን፣ እንደገና አንድ ሌሊት ተጉዤ ጠዋት እደርሳለሁ አለኝ።

ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። እኛ ጋ ረጅም መንገድ ማለት በአውቶቡስ ጣርማበርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት ምሳ በልቶ፣ ደሴ መግባት ነው። እሱም በቀን ነው። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እንዴት ነው የሚታደረው? ሻንጣዬን የት አደርጋለሁ? ፍልሰታን እየጾምኩ ስለሆነ ምግቡም አሳስቦኛል። እናቴ ደግሞ «ሁለት ሌሊት ብቻሽን?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ፣ ለእሷም አነብላታለሁ።

የደብረ ሲና ልጅ
እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። ቪዛግ አራት ዓመት ተምሬያለሁ፣ ይህን መንገድ ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሲሰሙት ያስፈራል፣ ግን እንደ አውቶቡስ ተቆራምደሽ አይደለም የምትሄጂው። አልጋ አለሽ። ትተኛለሽ፣ ትነሻለሽ፣ ወዲያ ወዲህ ትያለሽ።

መጀመሪያ ትኬትሽን አውጪና ፉርጎው በምን ፊደል እንደሚጀምር እዪ። ኤስ ከሆነ ስሊፐር የሚሉት ነው። ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) የለውም፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ አንሶላ አይሰጡሽም። ቢ ከሆነ ስሪ ኤሲ ነው። አንሶላ፣ ትራስና ብርድ ልብስ እዚያው ይሰጣል። በነሐሴ ለሁለት ሌሊት ስሪ ኤሲ ቢሆንልሽ ጥሩ ነው፣ የዚያ አገር ክረምት እንደኛ ክረምት አይበርድም፣ ዝናቡም ሙቀቱም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ኤሲው ግን ሌሊት ሌሊት ይበርዳል፣ ጋቢሽን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው።

ከዚያ ቀጥሎ አልጋሽ የተረጋገጠ መሆኑን ጠይቂ። ኮንፈርምድ ካለ ጨርሰሻል። አር ኤ ሲ ካለ ለጊዜው ከሌላ ሰው ጋር አንድ መቀመጫ ትጋሪያለሽ ማለት ነው። ዌይቲንግ ሊስት ካለ አልጋ የለሽም፣ ያን ልጅ ዛሬውኑ ደውለሽ ሌላ እንዲፈልግ ንገሪው። የቦታ ሽያጭ የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው፣ ቶሎ ያልቃል።

ክፍል ሲሉሽ በር ያለው ክፍል እንዳይመስልሽ። ስሪ ኤሲ ክፍት ነው። በአንድ በኩል ሦስት አልጋ ተደራርቦ፣ ፊት ለፊቱ ሌላ ሦስት፣ ከመተላለፊያው ማዶ ደግሞ ሁለት። ስምንት ሰው ነው። መካከለኛው አልጋ ቀን ቀን ታጥፎ የታችኛው መቀመጫ መደገፊያ ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው የሚዘረጋው፣ ደንባቸው ነው። ስለዚህ የታችኛው አልጋ የአንቺ ቢሆንም ቀን ሰው ይቀመጥበታል፣ አትከፊ።

ሻንጣሽን ከታችኛው አልጋ ሥር አስገቢው። እዚያ የብረት ቀለበት አለ። ቀጭን ሰንሰለትና ቁልፍ ፕላትፎርም፣ ማለትም ባቡር መሳፈሪያው ላይ ይሸጣል፣ ግዢና እሰሪው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ሳላስር ተኝቼ ጠዋት አንዱ ቦርሳዬ አልነበረም። ውስጡ ጫማና መጻሕፍት ነበሩ። ፓስፖርቴን አንገቴ ላይ ስላደረግሁ ተረፈ። ፓስፖርት፣ ብርና ስልክ ከሰውነትሽ አይለዩ፣ ሽንት ቤት ስትሄጂም ቢሆን።

መውረጃ ላይ የሚጠራሽ የለም። እኛ ጋ ረዳቱ «ሸዋ ሮቢት ወራጅ አለ?» ይላል። እዚያ እንደዚህ የለም፣ ባቡሩ ይቆማል፣ ይነሳል፣ አለቀ። የተቆረጠልሽ ኤፒ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ከሆነ መጨረሻው ቪዛግ ስለሆነ ማለፍ የለም። ሌላ ባቡር ከሆነ ግን ስልክሽ ላይ ማንቂያ ሙዪ። አንዳንዱ ባቡር ዋናው ጣቢያ ሳይገባ ዱቫዳ የምትባል ጣቢያ ብቻ ቆሞ ያልፋል። ይህንንም ልጁን ጠይቂው።

መንዝ ማማ
እኔ ሴት ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። ሃይደራባድ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ ብቻዬን ብዙ ሌሊት ተጉዣለሁ። ላይኛውን አልጋ ውሰጂ። ታችኛው ለሻንጣና ለመስኮት ይመቻል፣ ወንድማችን ልክ ነው፣ ግን ላይኛው ላይ ቀንም ማታም ማንም አይቀመጥብሽም። ሲደክምሽ በፈለግሽው ሰዓት ወጥተሽ ጋለል ትያለሽ። የእጅ ቦርሳሽን ትራስ ሥር ታደርጊያለሽ። ለመውጣት ትንሽ መሰላል አለ፣ ቀሚስ ሳይሆን ሱሪ ልበሽ።

የሆነ ሰው ቢያስቸግርሽ ዝም አትበዪ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ በዙሪያሽ ያሉ እናቶች ወዲያው ያግዙሻል፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። የባቡሩ የእርዳታ ስልክ 139 ነው። ትኬት ተቆጣጣሪውም ጥቁር ኮት ለብሶ ይዞራል፣ ቦታ እንዲቀይርልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ገና እንደገባሽ አጠገብሽ ያለውን ቤተሰብ ሰላም በዪ። ሕንዶች ይጠይቁሻል፣ አገርሽን፣ ስንት ወንድም እንዳለሽ፣ አግብተሽ እንደሆነ። ለክፋት አይደለም፣ የእኛም ሰው አውቶቡስ ላይ እንዲህ ነው። እነሱ ከለመዱሽ በኋላ ዕቃሽንም ያዩልሻል።

የዴሊው ጣቢያ ግን ከባቡሩ ይልቅ ያደክማል። ዴሊ ውስጥ ብዙ ጣቢያ አለ፤ ኒው ዴሊ፣ ኦልድ ዴሊ፣ ኒዛሙዲን፣ አናንድ ቪሃር። ትኬትሽ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ በደንብ እዪ። ኒው ዴሊ ከሆነ ቀላል ነው፤ ከኤርፖርቱ ተርሚናል 3 የሚነሳው ኤርፖርት ኤክስፕረስ የሚሉት ሜትሮ ጣቢያው አጠገብ፣ አጅሜሪ ጌት በሚባለው በኩል ያወርድሻል። ቀኑን ሙሉ ስለምትቆዪ ሻንጣሽን ጣቢያው ውስጥ ክሎክ ሩም የሚሉት የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አስቀምጪ፣ ያልተቆለፈ ሻንጣ አይቀበሉም። ደጅ ላይ «ትኬትሽ ተሰርዟል፣ ቢሮ ልውሰድሽ» የሚል ሰው ይመጣል። መታወቂያ ቢያሳይሽም አትከተዪው። ይህን ለእናትሽ አታንብቢላት፣ አንቺ ግን በደንብ ያዢው።

የጠባሴዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትኬቴ ላይ ቢ ነው የሚለው፣ ኮንፈርምድም ይላል፣ ባቡሩም ኤፒ ኤክስፕረስ ነው! አልጋዬ ግን መካከለኛው ነው። ሰዎቹ ምግብ ቢጋብዙኝስ? እምቢ ማለት ነውር ይመስለኛል። ጾሙስ?

አንጎለላ
ልጄ፣ እኔ እዚያ አገር የተማርኩት ዱሮ ነው፣ የተሳፋሪው ስም በወረቀት ታትሞ ፉርጎው በር ላይ ይለጠፍ በነበረበት ጊዜ። ስሜን ከዚያ ሁሉ የሕንድ ስም መሐል ፊደሉ ተዛብቶ ሳገኘው የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በምግቡ ልጀምር። ቬጅ ሲሉሽ የጾም እንዳይመስልሽ። እነሱ ጋ ሥጋ አለመብላት ማለት ወተትና ቅቤ መተው አይደለም። ፓኒር የሚሉት አይብ ነው። ዳል የሚሉት ክክ ወጥ ላይ ቅቤ ሊኖር ይችላል። «ቻይ፣ ቻይ» እያሉ የሚያዞሩት ሻይም ከወተት ጋር የፈላ ነው። ዱድ ማለት ወተት ነው፣ «ዱድ ነሂ» በያቸው። ዳቦ ቆሎና በሶ ከቤት ያዢ፣ በሶውን በታሸገ ውሃ ብቻ በጥብጪ። ሙዝና ኦቾሎኒ በየጣቢያው አለ። በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ፣ ወደ ዋራንጋልና ቪጃያዋዳ ስትጠጊ፣ ኢድሊ የሚባል ታገኛለሽ። ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ነገር ነው። ቡኮው ለእኛ ምላስ እንግዳ አይደለም፣ እኔን ከእንጀራ ናፍቆት ትንሽ አስታግሶኛል።

ግብዣን በተመለከተ፣ የባቡሩ ሰዎች ራሳቸው ከማይታወቅ ሰው ምግብና መጠጥ እንዳይወሰድ ያስጠነቅቃሉ። አደንዝዘው የሚዘርፉ ስለነበሩ ነው። አንቺ ጥሩ ምክንያት አለሽ፣ ጾም ላይ ነኝ በያቸው። ሕንዶች ጾም ያውቃሉ፣ ያከብራሉ፣ ማንም አይቀየምሽም።

አሁን አንድ ትልቅ ነገር። እነሱ ሰዓታቸውን በ24 ይቆጥራሉ፣ ቀኑም የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። 20:00 ማለት ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ ይኼ አይከብድም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ ባቡር ነው ጉዱ። እኔ የ15ኛው ቀን 00:30 የሚል ትኬት ይዤ፣ በእኛ ልማድ ሌሊቱን ከቀኑ ጋር ቆጥሬ፣ በ15ኛው ማታ ዕቃዬን ተሸክሜ ጣቢያ ሄድኩ። ባቡሩ የሄደው በ14ኛው ሌሊት ነበር፣ አንድ ቀን አልፎታል። ወንበር ላይ አድሬ አዲስ ትኬት ገዛሁ። ለዚህኛው ጉዞሽ አያሰጋሽም፣ ለሚቀጥሉት ግን ልብ በዪው። ደግሞ የሕንድ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፣ ኤርፖርት እንደወረድሽ ስልክሽን አስተካክዪ።

ባቡሩ ቢዘገይ አትደንግጪ። በክረምት ጣርማበር ዋሻው አፍ ላይ የሚወርደውን ጉም ታውቂዋለሽ አይደል? በታኅሣሥና በጥር የዴሊ አካባቢ ሜዳ እንደዚያ ይሆናል፣ ባቡሮች ሰዓታት ይዘገያሉ። በነሐሴ ጉሙ የለም፣ ዝናብ ግን ሊያዘገየው ይችላል፣ የሚቀበልሽን ሰው ከመንገድ ላይ ደውለሽ አሳውቂው።

ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አታጥፊው፣ ቦታ ለምነሽ መስኮት አጠገብ ተቀመጪ። ናግፑር በብርቱካን የታወቀች ከተማ ናት፣ በቀን ነው የምታልፊያት። ከእሷ በኋላ ጫካው ይመጣል፣ ቀጥሎ የሩዝ ማሳው፣ ዓይን እስኪደክም አረንጓዴ ነው። ጎዳቫሪ የሚባለውን ወንዝ ግን በሁለተኛው ሌሊት ራጃመንድሪ ላይ ነው የምትሻገሪው። ድልድዩ ረጅም ነው። የብረቱ ድምፅ ሲለወጥ ትነቂያለሽ፣ ወደ ቪዛግ መቃረብሽን በዚያ ታውቂዋለሽ።

መንዝ ማማ
መካከለኛው አልጋ ከሆነ ተቆጣጣሪውን ላይኛውን ቀይርልኝ በዪው፣ ወይም ላይኛው ላይ ያለውን ሰው ራስሽ ጠይቂ። ላይኛው የሚሰለቻቸው አሉ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ተቀይሮልኛል። ሶፍትና ነጠላ ጫማም እንዳትረሺ፣ ሽንት ቤቱ ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

የጠባሴዋ
ጋሼ፣ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት፣ ከዴሊው ሰውዬ በቀር። አሁን በሶውን እያስፈጨች ነው። ወንድሜ ቦርሳው እንደጠፋበት ስትሰማ ግን ተነስታ ወጥታ ከገበያ ሁለት ቁልፍ ገዝታ መጣች። እዚያ የሚሸጠው ሰንሰለት ከዚህ ቁልፍ ጋር ይገጥማል?

የደብረ ሲና ልጅ
ይገጥማል፣ ቀለበቶቹ ሰፊ ናቸው። አንዱን ለሻንጣው ዚፕ፣ ሌላውን ለሰንሰለቱ አድርጊው። መክፈቻዎቹን ደግሞ ለየብቻ ያዢ፣ አንዱን አንገትሽ ላይ፣ አንዱን ኪስሽ ውስጥ። ቪዛግ ስትደርሺ እዚሁ ጻፊልን።