የፍራፍሬ ዝንብ ምግቧን እንዴት ትመርጣለች?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የበሰለ ሙዝና ጥሬ ሙዝ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝንቦቹ ጥሬው ላይ ዝር አላሉም። እንዴት ነው የሚለዩት? ይህን ማጥናትስ ምን ይጠቅመናል?

መልስ 1፦
ቤተ ሙከራ ውስጥ ከእነሱ ጋር ስለምውል ትንሽ ልበል። ከሩቅ የሚጠራቸው ሽታ ነው፤ በተለይ እርሾ ፍሬውን ማብላላት ሲጀምር የሚወጣው የኮምጣጤ ሽታ። ካረፉ በኋላ ደግሞ በእግራቸው ይቀምሳሉ። አዎ፣ በእግራቸው! በማጉያ መነጽር ብታያት፣ የእግሯ ጸጉር ስኳር ሲነካ ቱቦ መሳይ አፏ ወዲያው ይዘረጋል። መራራ ነገር ከተቀላቀለበት ግን ትሰበስበዋለች።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ምርጫዋ እንደ ሰውነቷ ሁኔታ መለዋወጡ ነው። ፕሮቲን ያጠራት ዝንብ ከስኳሩ ይልቅ እርሾው ላይ ትሰፍራለች። ከወንድ የተገናኘች ሴት ደግሞ እንቁላል መሥራት ስላለባት የእርሾ አምሮቷ ይብስባታል።

መልስ 2፦
ጂኦስሚንንም እንዳንረሳ። አንዳንድ ሻጋታና ባክቴሪያ የሚያወጡት ሽታ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ከአፈር የሚሸተን እሱ ነው። እኛ ደስ ይለናል፤ ዝንቧ ግን ገና ሲሸታት ትሸሻለች።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። ጥቅሙስ?

መልስ 1፦
ረሃብ አንጎል ውስጥ ምርጫን እንዴት እንደሚቀይር መከታተል የሚቀለው በትንሽ አንጎል ነው። በ2024 የአንዲት ሴት ዝንብ አንጎል ሙሉ ካርታ ታትሟል፦ ወደ 140,000 የነርቭ ሴሎች። ለአትክልተኛም ይጠቅማል። ድሮሶፊላ ሱዙኪ የምትባለው ዘመዷ እየበሰለ ባለ እንጆሪ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ማጥመጃዋ ውስጥ ኮምጣጤና ወይን ጠጅ የሚደረገው የምትወደው ሽታ ስለታወቀ ነው።