ዶሜን (የድረ ገጽ አድራሻ) ማሳገድ «እምቦጭ መንቀል» ነው እንዴ?

የሽምብጥ ልጅ፦
ዛሬ አንድ ስልጠና ላይ ደሜ ፈልቶ ወጣሁ። አሰልጣኙ ስለ ሐሰተኛ ድረ ገጽ ተጠየቀ። «እሱን ሪፖርት ማድረግ እምቦጭ መንቀል ነው፤ ዛሬ ትነቅላለህ፣ ነገ ይበቅላል» ብሎ አለፈው። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት ጀልባ መነሻው ላይ ያገኘኋቸው ባልና ሚስት ትዝ አሉኝ። የፌስቡክ ማስታወቂያ አይተው ለዘጌ ጉዞ ከፍለዋል። ደረሰኙን አትመው በፕላስቲክ ይዘውታል። ጀልባ የሚባል ነገር የለም። አድራሻውን በስልኬ ከፍቼ አየሁት። ከትክክለኛው ገጽ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ «ኤል» የነበረችዋ ፊደል ብቻ ቁጥር 1 ሆናለች። ይሄን ዝም እንበል?

ፋሲሎ፦
አሰልጣኙ ምን አጠፋ? አንዱን ብታዘጋበት በጥቂት ዶላር ሌላ ይገዛል።

ጣና ዳር፦
ፋሲሎ፣ ለመሆኑ እምቦጭ ነቅለህ ታውቃለህ? እኔ እስከ ወገቤ ውሃ ገብቼ ነቅያለሁ። ተመልሶ መብቀሉ እውነት ነው። ያልተነቀለበት ዳርቻ ግን ታንኳ አያሳልፍም።

ፋሲሎ፦
ነቀልክ፣ ፎቶ ተነሳህ። ከዚያስ?

ጣና ዳር፦
ፎቶ የተነሱት በአውቶቡስ መጥተው የሄዱት ናቸው። የፎገራና የደንቢያ ገበሬ ካሜራ አልያዘም፤ ማጭድ ነው የያዘው።

ኬብል ጎታች፦
እምቦጩን ተዉትና ወደ ዶሜኑ ተመለሱ። ሰው ፌስቡክ ላይ «ሪፖርት» ተጭኖ ይተኛል። ማስታወቂያው ቢወርድ ገጹ አይወርድም። ዶሜኑን የሸጠ ሬጅስትራር አለ። ፋይሉን ያስቀመጠ ሆስቲንግ አለ። ሁለቱ የተለያየ ድርጅት ሊሆኑ ይችላሉ። የባለቤቱ ስም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአብዛኛው ተደብቋል። ዶሜኑን በዶሜን መዝገብ ላይ ስትፈልጉ ግን የሬጅስትራሩ ስምና የአቤቱታ ኢሜይሉ ይወጣል። ነጥብ ኮምና መሰሎቹን የሚሸጡት ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአይካን (የዓለምን የዶሜን ስሞች የሚያስተባብረው ድርጅት) ውል ተይዘዋል፤ ፊሺንግ (አስመስሎ ማጥመድ)፣ ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) እና ቦትኔት (የተጠለፉ ኮምፒዩተሮች መረብ) ላይ በቂ ማስረጃ ከደረሳቸው እርምጃ መውሰድ ግዴታቸው ነው። ማስረጃ ማለት ሙሉ አድራሻው፣ ስክሪንሻት፣ ያያችሁበት ቀንና ሰዓት ነው። «ሌቦች ናቸው ዝጉልኝ» ብላችሁ ከላካችሁ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም።

ፋሲሎ፦
«ግዴታቸው ነው» አልክ? ውጭ አገር ያለ ካምፓኒ ለባሕር ዳር ጀልባ ብሎ እንቅልፍ ሊያጣ!

ኬብል ጎታች፦
ለጀልባው ብሎ አይደለም፣ ለውሉ ብሎ ነው። ዝም ካለ አይካን ጋ ይከሰሳል።

የጣይቱ ልጅ፦
እኔ የምሠራው እንግዳ ማረፊያ ነው። ነገ ተፎካካሪዬ «ይሄ ገጽ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ቢጽፍ ዳኛ ሳያየው ልትዘጉብኝ ነው? በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋብን ማን ጠየቀን? መዝጋት የሚወድ እጅ እንደሁ ሞልቶናል።

የሽምብጥ ልጅ፦
እህቴ፣ ሌባ ማዘጋትና ክልል መዝጋት አንድ ሆነ?

የጣይቱ ልጅ፦
አንድ ነው አልወጣኝም። ቁልፉ ማን እጅ ነው ነው ያልኩት።

ኬብል ጎታች፦
ስጋቷ ከንቱ አይደለም። ግን «ስሜን አጠፋ»፣ «ዋጋ ዋሸ» የሚል የይዘት ክርክር አይካንን አይመለከተውም፤ ያ የፍርድ ቤት ነው። ነጥብ ኢቲ፣ የኢትዮጵያ የራሷ ዶሜን፣ ደግሞ ለብቻው ነው። የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ያ የአይካን ውል አይነካውም። ገንዘብ የተበላ ሰው ደግሞ ፖሊስ ጋ ይሂድ። አዋጅ 958/2008 የወጣው ለኮምፒዩተር ወንጀል ነው።

ፋሲሎ፦
ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ «ኤሏ 1 ሆናብኛለች» ልበል?

ጣና ዳር፦
አንተ ብቻ አትሂድ፣ ሳትከፍት ትስቃለህ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ለማንኛውም ኢሜይሉን ልኬያለሁ። ገጹ አሁንም ይከፈታል።

ፋሲሎ፦
አላልኩም? እምቦጭ!

ጣና ዳር፦
ከላከ ሃያ ደቂቃ አልሞላውም እኮ!

ፋሲሎ፦
እሱን ተወውና፣ ስልጠናው አበል ነበረው?

የሽምብጥ ልጅ፦
ምሳ ብቻ። ዓሣው ደግሞ ደርቆ ነበር።

ጣና ዳር፦
እሱንም እምቦጭ ነው ያደረቀው እንዳትሉን።