የኮሌጅ መምህራን ስልጠና ግዴታ ይሁን ወይስ ይቅር?

መነሻ፦ ድሬና ሐረር በምናስተምር መምህራን መካከል አንድ ሐሳብ እየተነሳ ነው። በኮርስ ዝግጅትና በማስተማሪያ መሣሪያዎች (ሙድል የሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሶፍትዌር፣ ኦንላይን ፈተና ወዘተ) ላይ ስልጠና ያልወሰደ መምህር የደረጃ እድገት አያግኝ የሚል። ምን ትላላችሁ?

የሳቢያኑ፦ አቦ ይቅርብን! ግዴታ ሲሆን የሚሞላው አቴንዳንስ ብቻ ነው። እኔ የገባሁበት ስልጠና ርዕሱ «ተማሪ ተኮር ማስተማር» ነበር። አሰልጣኙ ቀኑን ሙሉ ስላይድ አነበበልን። እኛም ቀኑን ሙሉ ስልካችንን ስንነካካ ዋልን። ፎቶ ተነሳን፣ አበል ፈረምን፣ ተበተንን።

ከዚራ፦ እሱ የአሰልጣኙ ችግር ነው ወንድሜ። ስንቶቻችን ነን ማስተማር ተምረን የገባነው? እኔ ኢንጂነሪንግ እንደጨረስኩ በቀጥታ ነው ጠመኔ የጨበጥኩት። የማስተምረው ያስተማሩኝን ሰዎች እየቀዳሁ ነበር፤ መጥፎ አመላቸውን ጨምሮ። ኤችዲፒን፣ ማለትም ለከፍተኛ ትምህርት መምህራን የሚሰጠውን የማስተማር ዘዴ ስልጠና፣ የማያማ የለም፤ ግን አንድ ዓመት ስለሚፈጅ ክፍል ገብተህ ትሞክራለህ፣ አልሠራ ያለህን ይዘህ ትመለሳለህ። የሆቴል አዳራሹ ስልጠና ይሄ የለውም።

ጀጎል፦ ሐረር ነርሲንግ አስተምራለሁ። የኔ ቅሬታ መሣሪያዎቹ ላይ ነው። ሙድል ነጻ ነው። በስልክ አፑ ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብም ይቻላል። ስልጠናው ላይ ግን ይህን የነገረን የለም፤ ጊዜው ፓስወርድ ስንፈልግና ዋይፋይ ስንጠብቅ አለቀ። ተማሪዎቼ ያሉት ቴሌግራም ላይ ነው፤ ለምን ከዚያ አንጀምርም? መብራት የማይጠይቅ ዘዴም አለ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል በብጣሽ ወረቀት፣ ስም ሳይጽፉ፣ «ዛሬ ያልገባኝ» ብለው ይሰጡኛል። አንዴ የመድኃኒት መጠን ስሌት አስተምሬ «ገባችሁ?» ስል ሁሉም «አዎ» አሉ። ወረቀቱን ሳነብ ግማሹ ክፍል ሚሊግራምን ወደ ማይክሮግራም መቀየር አልገባውም።

የሳቢያኑ፦ እና ይሄን ከስልጠና ነው ያገኘሽው?

ጀጎል፦ ከባልደረባዬ። እሷ ግን ከስልጠና ነው ያመጣችው፤ ቶሎ አትደሰት።

ከዚራ፦ የኮርስ ዝግጅቱንም አትርሱት። አውትላይኑ ላይ ዓመተ ምህረቱን ብቻ እየቀየርን ስንት ሴሚስተር ገፋን? በ2015 የመውጫ ፈተና ለሁሉም የዲግሪ ተመራቂዎች ከተጀመረ ወዲህ ይሄ ያጋልጣል። መጀመሪያ ተማሪው ምን መሥራት መቻል አለበት? ቀጥሎ፣ መቻሉን በምን እናውቃለን? ሌክቸሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። እኛ ከምዕራፍ አንድ ጀምረን ፈተናውን ዋዜማው ማታ እናወጣለን።

የሳቢያኑ፦ እዚህ ላይ ተረታሁ። ግን እድገት የጠየቀ ሰው ሰርተፍኬቱን ይተውና የቀየረውን አውትላይንና ከሱ የወጣውን ፈተና ያቅርብ።

ጀጎል፦ ማን ያየዋል? ኮሚቴ ይየው ካላችሁ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከሌላ ኮሌጅ የመጣ መምህር ክፍሌ ገብቶ ይይ፣ እኔም የሱን ልይ። አበል ባይኖረውም።

የሳቢያኑ፦ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አንሺልን። ከድሬ ሐረር ትራንስፖርቱን ማን ይችላል?